ክረምት ላይ ወደ ጎጃም የምትሄዱ፣ ይህን ልንገራችሁ

ሦስት ሳምንት ጎጃም ከርሜ ኦስሎ ከገባሁ አራተኛ ቀኔ ነው። ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልለቀቀም። ሳልረሳው የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ክረምት ላይ ለመሄድ ያሰበ ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

«ምነው በክረምት?» ያላለኝ ዘመድ የለም። ኖርዌይ ውስጥ አብዛኛው ሰው ዕረፍት የሚወጣው በፈረንጆቹ ጁላይ ነው፣ የእኔም መሥሪያ ቤት እንደዚያው። ስለዚህ ሰኔ 28 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባሁ፣ ሐምሌ 19 ከባሕር ዳር ተነሣሁ። ደግሞም ጎጃምን በክረምት ማየት ናፍቆኝ ነበር። ያ አረንጓዴ፣ ያ የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ገሳ ደርቦ ከብት የሚጠብቅ ልጅ። አሥራ አንድ ዓመት አላየሁትም።

መጀመሪያ አውቶቡሱ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትኬት የሸጠልኝ ልጅ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይነሣል፣ 10 ሰዓት ተኩል ተገኚ» አለኝ። ተገኘሁ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መጠለያው ጠባብ ነው፣ ሰው ተደራርቦ ቆሟል። አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ጀርባዋ በስብሶ ትንቀጠቀጣለች። «እየመጣ ነው» ይሉናል። «ደርሷል» ይሉናል። መኪናው የመጣው 1 ሰዓት ሲሆን ነው። የሚያናድደኝ መዘግየቱ አይደለም፣ መኪና ይበላሻል፣ መንገድ ይዘጋል። ነገር ግን እዚያ የነበሩት ሠራተኞች መኪናው እንደማይደርስ ያውቁ ነበር። አንዱ ወጣ ብሎ «ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ ሻይ ቤት ግቡ» ቢለን ያቺ እናት ከነልጇ አትበሰብስም ነበር።

ሹፌሩ ግን ሌላ ሰው ነው። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። መኪናውን ዳር አቆመ፣ ሙዚቃውን ዘጋ፣ ወደ እኛ ዞረና «ወገኖቼ፣ ጉም ስላለ በቀስታ ነው የምወርደው፣ ማንም ፍጠን እንዳይለኝ። ታች ይሞቃል፣ ሹራብ ያላችሁ አውልቁ። የሚያጥወለውለው ሰው ካለ አሁኑኑ ከረዳቱ ፌስታል ይቀበል» አለ። በቃ፣ ይኼው ነው። የዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህ ይሰምጣል፣ እዚያ ያብጣል። አውቶቡሱ ሲያዘነብል አጠገቤ ያሉት ሴትዮ «እመብርሃን!» ይላሉ፣ ግን ማንም አልጮኸም፣ ምክንያቱም ተነግሮናል። በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ስንሻገር ላብ በላብ ሆነን ነበር። ደጀን ስንወጣ ደግሞ መልሰን ሹራብ ለበስን። በአንድ ጠዋት ሁለት አየር።

ደብረ ማርቆስ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። ክፍሉ ንጹሕ፣ አልጋው ጥሩ፣ ብርድ ልብሱ ሁለት። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የሐምሌ ሌሊት ብርዷ አጥንት ይገባል፣ ብርድ ልብስ እንዳትንቁ። ሲያከራዩኝ «ሙቅ ሻወር አለ» አሉኝ። ጠዋት ፀጉሬን በሳሙና ለውሼ ውኃው ቆመ። ለካ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የዚያ ሰፈር ተራ ደግሞ በማግሥቱ ነበር። የምታጸዳው ልጅ በሩን ስታንኳኳ ጀሪካን ሙሉ የሞቀ ውኃ ይዛ ነበር፣ «አይዞሽ እትዬ» ብላ። ልጅቷን እግዜር ይስጣት። ግን ማታ ቁልፉን ሲሰጡኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ ምን ነበረበት? ውኃ በፈረቃ መሆኑ ነውር አይደለም፣ አገሩ የሚያውቀው ነገር ነው። እንግዳው ግን አያውቅም።

ባንክ ሄድኩ፣ «ሲስተም የለም»። በማግሥቱ ሄድኩ፣ «ሲስተም የለም»። በር ላይ የለጠፉት ነገር የለም። ከገጠር በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ከእኔ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የአክስቴ የልጅ ልጅ «በቴሌብር እንጨርሰው» አለኝና ጉዳዬ በደቂቃ አለቀ። ቴሌብር የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ይቀበላል። በጣም ደስ ብሎኛል።

አክስቴ የምትኖረው ጎዛምን፣ ከማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። የጉዞዬ ዋና ነገር እዚያ ነበር። ጾመ ሐዋርያት ስለነበር የመጀመሪያው ሳምንት ሽሮና ጎመን ነው፣ ከጎጃም ጤፍ እንጀራ ጋር ሌላ ምን ያስፈልጋል። ሐምሌ 5 ጾሙ ሲፈታ ዶሮ ታረደልኝ።

ሐምሌ 8 ነው፣ አርብ። ጠዋቱ ብራ ነበር። አክስቴ የሽንኩርትና የጎመን ችግኟን ሸፍኖት የነበረውን ሣር ገለጥ አድርጋ «ፀሐይ ትንሽ ይምታው» አለች። እኔ ስልኬን አየሁ። ዪር የሚባለው፣ የኖርዌይ ሜትዎሮሎጂ ተቋምና የአገሪቱ ብሮድካስተር ኤንአርኬ የሚያዘጋጁት ትንበያ የዓለምን ከተማ ሁሉ ያሳያል፣ ደብረ ማርቆስንም። ኦስሎ ውስጥ ልብስ የማሰጣው እሱን አይቼ ነው። ማርቆስ ላይ ግን ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ ደመናና ጠብታ ነው የሚያሳየኝ። ሐምሌ ላይ ዝናብ አለ ብሎ መንገር ለጎጃም ገበሬ ምን ይሠራለታል? እሱ ማወቅ የሚፈልገው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ በረዶ ይኖረው እንደሆነ፣ ለማረስ የሚበቃ ብራ መኖር አለመኖሩን ነው። ጮቄን የመሰለ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ አጠገብ ሲኖር ደመናው ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቋጥሮ እዚያው ይፈሳል። አንዱ ቀበሌ ይመታል፣ ቀጣዩ ይተርፋል። ዓለምን በኪሎ ሜትሮች ሰፋፊ ካሬ ከፍሎ የሚያሰላ ትንበያ ያንን ጓሮ ሊያየው አይችልም።

ወደ 9 ሰዓት ገደማ የጎረቤት ሽማግሌ፣ አክስቴ «አያ» የምትላቸው፣ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ጮኹ። «ጮቄ በኩል ነጭ ጠቁሯል! ችግኙን አልብሱ!» ነጭ ጠቁሯል ያሉት ምን ማለት እንደሆነ በኋላ አስረዱኝ፣ ደመናው ጥቁር ሆኖ ከሆዱ ነጣ ሲል በረዶ አርግዟል ማለት ነው። አክስቴ፣ የልጅ ልጇና እኔ ሣርና ጆንያ ይዘን ሮጥን። ግማሹን መደብ ሸፍነን ሳንጨርስ በረዶው ወረደ። የሽንብራ ፍሬ የሚያህል፣ ከዚያ የባቄላ። ቆርቆሮው ላይ ሲመታ መነጋገር አይቻልም። ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሲያባራ ያልሸፈንነው ግማሽ መሬት ላይ ተለጥፏል፣ የድንቹ ቅጠል ወንፊት ሆኗል። አክስቴ አላለቀሰችም። «ተመስገን፣ ግማሹ አለ» ብላ ገባች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ለአክስቴ ትንበያ የሚደርሳት ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና በኋላ ነው፣ መብራት ካለ። ከተሞች ተራ በተራ ከሙቀታቸው ጋር ያልፋሉ፣ «በአብዛኛው የምዕራብ አጋማሽ የአገሪቱ ክፍሎች» ይባላል፣ ያበቃል። በሬዲዮ «መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል ሰማን። አክስቴ «መደበኛ ማለት ለእኛ ነው ለማን?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መደበኛ የሚባለው የረጅም ዓመታት አማካይ መሆኑን፣ ወቅቱን ሁሉ እንጂ ነገን እንደማይናገር አስረዳኋት። «እንግዲያ ነገን ማን ይናገር?» አለች።

መልእክት ማድረሻ ጠፍቶ አይደለም ደግሞ። እዚያ መንደር ሰው ከሞተ ንጋት ላይ የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ከወንዝ ማዶ ያለው ሁሉ ይሰማል፣ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ይሰበሰባል። ወጣቱ ሁሉ ስልክ አለው። ባሕር ዳር ላይ ትልቅ መገናኛ ብዙኃን አለ፣ አሚኮ፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይሠራል። በኩር ጋዜጣም ከዚያው ይታተማል። ጮቄ ላይ የተቋጠረውን ደመና ያየ ሰው ለታችኛው ቀበሌ በግማሽ ሰዓት የሚያደርስበት መንገድ መዘርጋት ይህን ያህል ከባድ አይመስለኝም። አጭር መልእክት፣ ጡሩምባ፣ የፈለገው ይሁን።

ስልኩ አሁን የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። አንድ ማታ የልጅ ልጇ «ባሕር ዳር በጎርፍ ተጥለቀለቀች» የሚል ቪዲዮ አሳየን። ቤቱ ሁሉ ደነገጠ፣ እዚያ የሚማር ልጅ አለና። ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው የመኪናው ታርጋ የእኛ አገር አይደለም፣ ሕንፃውም አይደለም። ባሕር ዳር ልያዘው ወዳሰብኩት ማረፊያ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት «ኧረ እዚህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር እትዬ፣ ምነው?» አለችኝ። ያን ማታ ምን እንደገባኝ ልንገራችሁ፣ እኛ ውጭ ያለነው ስለ አገራችን በቀን ሃያ ጊዜ እንሰማለን፣ ማን ማንን ምን አለ ስንል እናድራለን። አክስቴ «እናንተ ስለ እኛ ምን ትሰማላችሁ?» ስትለኝ የዘንድሮ ማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ እንደነካ እንኳ አላውቅም ነበር። መንደሩ ውስጥ ከዚያ ሌላ ወሬ የለም።

ልብስ ሰፊው። ለልጄ አረንጓዴ የጎጃም ቁምጣ ከነጥልፉ ማርቆስ አሠራሁ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ መኪናቸው የእግር ነው፣ ጥልፉን ግን በኤሌክትሪክ ያሠሩታል። «እታለም፣ ለአርብ ብልሽ እዋሽሻለሁ፣ በዚህ ዝናብ መብራቱ አይታመንም። ለማክሰኞ ልበልሽ» አሉኝ። ማክሰኞ ሄድኩ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። ስፌቱ እንከን የለውም።

ከማርቆስ ባሕር ዳር በሚኒባስ ሄድኩ። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ። ረዳቱ ትርፍ ጫነ፣ አልወደድኩትም፣ ሌላ የምለው የለም። ከእንጅባራ በኋላ አጠገቤ የተቀመጡት የፋግታ ለኮማ ገበሬ ስለ ዲከረንስ አጫወቱኝ። ዛፉን ይተክላሉ፣ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፣ መሬቱ ላይ ጤፍ ይዘራሉ፣ መልሰው ይተክላሉ። ከተሜው የሚያነደው ከሰል ብዙው ከዚያ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገብቶበት ቅጠሉ እየደረቀ ነው፣ «ልጆቼን ያስተማርኩበት ዛፍ ነው» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

ባሕር ዳር ሞቃት ናት፣ ከማርቆስ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፣ ሹራብ ወደ ሻንጣ። ዘምባባው፣ ጣና፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ምን ልበላችሁ። ዘጌ ለመሄድ ጀልባ ጠየቅሁ፣ በ8 ሰዓት ልሂድ አልኩት። ጀልባ ነጂው «ገንዘብሽን አልጠላም፣ ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ሐይቁ ይናወጣል፣ ስትመለሺ ትፈሪያለሽ። ጠዋት 1 ሰዓት እንውጣ» አለኝ። ወጣን። ውኃው መስተዋት ነበር። ደንገል ታንኳ ላይ ቁጭ ብለው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ሰላም አሉን። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ፣ የዘጌን ቡና ገዝቼ ተመለስኩ። 8 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ዳርቻ ሆኜ ሳየው ሐይቁ ነጭ አረፋ ይተፋ ነበር። ዘጌ የምትሄዱ፣ በጠዋት።

የመመለሻዬ ዋዜማ፣ ሐምሌ 18፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ሳምንቱን ሙሉ ያመላለሰኝ ባጃጅ ነጂ ነው። «እትዬ፣ ነገ የገብርኤል ንግሥ ነው። መንገዱ በምእመናን ይሞላል፣ በተባባልነው ሰዓት ብመጣ አውሮፕላን ያመልጥዎታል። በ11 ሰዓት ልምጣልዎት?»

ና አልኩት። 11 ሰዓት ሲል በሩ ላይ ነበር፣ ለሻንጣዬ ላስቲክ ይዞ፣ ይዘንባል ብሎ።