ስምንት ወር በጅቡቲ መስመር ከኢንሱሊን ቦርሳዬ ጋር

የምኖረው አዳማ ነው። ሥራዬ ወደ ጅቡቲ ተሳቢ መንዳት ነው። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ መድኃኒቱን ይዞ በረሃ ለሚወርድ ሰው ነው፤ ሹፌርም ይሁን ተሳፋሪ።

ኢንሱሊኔን ከሙቀት የሚጠብቅልኝን ቦርሳ ያመጣችልኝ እህቴ ናት፣ ከዱባይ ስትመጣ። ጨርቅ ነው፣ ከመዳፍ ትንሽ ይበልጣል። በድርቡ መሃል እንደ ጨው ያለ ደቃቅ ፍሬ ተሰፍቶበታል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ሲነከር ፍሬው ውሃውን ይጠጣና እንደ ጄሊ ያብጣል። ከዚያ ላዩን በፎጣ አድርቆ ብልቃጡን በውስጠኛው ኪስ መክተት ነው። በረዶ አይፈልግም፣ ባትሪም አይፈልግም። ውሃው ቀስ እያለ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል።

ለእኛ ለሹፌሮች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሃይላንዱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ስፖኪዮ ላይ የምናንጠለጥለው ለዚሁ ነው። አዋሽን አልፈን ገዋኔ ስንደርስ የዚያ ውሃ ቅዝቃዜ አንጀት ያርሳል። ቦርሳው ያንኑ ለመድኃኒቴ ያደርግልኛል።

ድሮ ፔርሙዝ ውስጥ በረዶ ሞልቼ ብልቃጡን እዚያው እከት ነበር። የሚያስፈራው ሙቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከፍሪዘር ገና የወጣ በረዶ ጨመርኩበት። ሚሌ ላይ ሳወጣው ኢንሱሊኑ ጠጥሯል። በእጄ አሙቄ አቀለጥኩትና ተወጋሁት። ማታም ደገምኩት። በማግስቱ ጋላፊ ስደርስ ምላሴ ደርቆ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል፣ ለሽንት በየቦታው እቆማለሁ። ስኳሬን ስለካው ከ400 በላይ ሆኗል። አዳማ ስመለስ የክትትሌ ነርስ ነገሩን ሰምታ በጣም ደነገጠች። «ጋሼ፣ እንቁላል አንዴ ከተቀቀለ ተመልሶ ጥሬ ይሆናል?» አለችኝ። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቅንጣቶች፣ በሥርዓት የተያያዙበት ነገር ነው። ብርድ ሲያጠጥረው ወይም ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ቅርጹ ይበላሻል፤ ቅርጹ ከተበላሸ አይሠራም። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ይጣላል። ዋጋው ያንገበግባል፣ ግን ይጣላል።

አዲሱን ቦርሳ በቃል ብቻ አላመንኩትም። ትንሽ የሙቀት መለኪያ ገዝቼ አብሬ ከተትኩ። ሎግያ ላይ በቀትር፣ መኪናው ቆሞ፣ ጋቢናው 42 ዲግሪ ሲሆን የቦርሳው ውስጥ 26 ነበር። ደጋግሜ አየሁት። አንዴ የተነከረው ሁለት ቀን ያህል ይዞልኛል፤ ሲቀንስ ውሃ እንደገና አጠጣዋለሁ። ለአፋር ደረቅ አየር ይህ ቦርሳ የተሠራለት ይመስላል።

ጅቡቲ ወደብ ግን ሌላ ነው። በመስከረም የባሕሩ እርጥበት ልብስን ከገላ ያጣብቃል። አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ የቦርሳው ውሃ እንደልቡ አይተንም። ውጭው 35 ሆኖ ውስጡ 31 ሆኖብኛል። ወረፋ ረዝሞ ሁለት ሦስት ቀን ስንቆም ካረፍኩበት ቤት ፍሪጅ እለምናለሁ። ሳስቀምጠውም ከፍሪዘሩ አርቄ ነው።

አየር ካላገኘም አይሠራም። አንዴ ረዳቴ የጭነት ሰነዱ እንዳይርስ ብሎ ቦርሳውን በፌስታል ጠቀለለው። ልጁ ያደረገው በቅንነት ነው። አዋሽ ስንደርስ ቦርሳው ሞቆ ጠበቀኝ። አሁን ከወንበሬ ጀርባ፣ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ የመስኮት ነፋስ እንዲነካው ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ዳሽቦርድ ላይማ በፍጹም።

ደግሞም ፍሪጅ አይደለም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ ይህ ቦርሳ እዚያ አይደርስም። የሚሆነው በአገልግሎት ላይ ላለው ብልቃጥ ነው። ያ ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ወረቀቱን ማንበብ ነው። እኔ የከፈትኩበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፌ እለጥፍበታለሁ። የቀረው አዳማ ቤቴ ፍሪጅ ውስጥ ነው። የመኪናዬ ባለቤት ሴማግሉታይድ የሚባል ሌላ የስኳር መርፌ ነው የሚወጋው። የእሱም ወረቀት በረዶ እንዳይነካው ያስጠነቅቃል፣ የሚቆይበት ቀን ግን የተለየ ነው።

ሌላው ቅሬታዬ፣ ብዙ ሰዓት ከተነከረ ከልክ በላይ ያብጥና ብልቃጡ አልገባም ይላል። ከጉዞ በኋላም ለመድረቅ ብዙ ቀን ይወስዳል። እርጥቡን መሳቢያ ውስጥ ዘግቼበት ሸቶብኝ ያውቃል። አሁን ባለቤቴ ጥላ ላይ ታሰጣልኛለች።

ቦርሳው ኖረም አልኖረም የማልተዋቸው ነገሮች አሉ። የእኔ ኢንሱሊን ነጩ ነው። ብልቃጡን በመዳፌ መሃል ቀስ አድርጌ አንከባልላለሁ እንጂ አልንጠውም። እኩል ወተት ካልመሰለ፣ የረጋ ጓል ካለው ወይም ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ አልወጋውም። መሪ ከመጨበጤ በፊት እለካለሁ፣ ከረሜላም ከኪሴ አይጠፋም። ሙቀት ኢንሱሊኑን ቶሎ ስለሚያሠራው በረሃ ላይ ስኳር ድንገት ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ከኋላዬ ተሳቢ አለ። ለኬላ የሐኪም ወረቀት እይዛለሁ፤ መርፌ ሲያዩ የሚጠይቁት ብዙ ነው። በአውሮፕላን ለምትሄዱ ደግሞ መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ይሁን እንጂ ከጭነት ጋር አትስጡት።

ከመተሐራ እስከ ጋላፊ ባለው መንገድ ይህን ቦርሳ ያለ ስጋት እመክራለሁ። ለጅቡቲ ወደብ ግን ፍሪጅ ያለው ሰው አስቀድማችሁ አግኙ። ረዳቴ አሁን ለሻይ በቆምን ቁጥር ሳልነግረው ይጠይቀኛል፦ «ጋሼ፣ ቦርሳው ውሃ ጠጣ?»