ዲስፔስ ለአማርኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ጥናቶች ምን ያህል ይመቻል?

በሰሜን ሸዋ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የታሪክ፣ የፎክሎርና የሥነ ጽሑፍ የመመረቂያ ጥናቶችን ለማንኛውም አንባቢ በነፃ ለመክፈት የመረጥነው ሶፍትዌር ዲስፔስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አገር አቀፍ ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ክፍት እንዲሆን ስለሚጠይቅ ምርጫው ሊዘገይ የሚችል አልነበረም። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤም አይ ቲ እና የኮምፒውተር ኩባንያው ኤች ፒ በጋራ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ይህ ሶፍትዌር የፈቃድ ክፍያ የለውም። ከአገር ሽማግሌዎች የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ያለበት ጥናት ሲመጣ ደግሞ፣ ተናጋሪዎቹ እስኪፈቅዱ ድረስ ፋይሉን ዘግቶ ርዕሱንና አጠቃሎውን ብቻ ማሳየት ይቻላል፤ ለእኛ ሙያ ይህ ብቻውን ትልቅ ዋጋ አለው።

የደከምነው ፍለጋው ላይ ነው። አንዲት የታሪክ ተማሪ ስለ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ልትጽፍ መጥታ «ስእል» የሚለውን ቃል ብትፈልግ አንድም ውጤት አልወጣላትም። ጥናቱ እዚያው ነበረ፤ አጥኚው ግን «ሥዕል» ብሎ ጽፎታል። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። መፍትሔው፣ ከዲስፔስ ጀርባ የሚሠራው ሶልር የተባለ የፍለጋ ሶፍትዌር ሞክሼ ፊደላቱን እንደ አንድ እንዲቆጥር የሚያዝዝ አጭር የማዛመጃ ፋይል አዘጋጅቶ የፍለጋ መዝገቡን እንደገና ማሠራት ነው። ይህን ካደረግን በኋላ ተማሪዋ ያንኑ ቃል በዚያው አጻጻፍ ስትፈልግ ጥናቱ በመጀመሪያው መስመር ላይ ወጣላት።

የስም ቅጹም መታረም ነበረበት። የቤተሰብ ስም እንዲቀድም ስለሚጠይቅ፣ እንዳለ ከተዉት አጥኚው በአባቱ ስም ይመዘገባል፤ እኛ መመሪያውን ቀይረን ሙሉ ስሙ በተለመደው ቅደም ተከተል እንዲጻፍ አድርገናል። ዓመተ ምሕረቱ እንደዚያው ነው፦ በ2011 ዓ.ም የቀረበ ጥናት በቀን ሳጥኑ 2011 ተብሎ ከገባ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሰለፋል፤ ስለዚህ በሳጥኑ የፈረንጆቹን ዓመት፣ በማስታወሻው የእኛን እንጽፋለን።

ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ስሪቶች ከቀድሞዎቹ የበለጠ ሜሞሪ ይፈልጋሉ። ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደላት ኮድ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ የቆዩ ጥናቶች ግን ሲነበቡ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ስለሚሆኑ፣ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ባይሆንም፣ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ ግድ ነው። ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ የፊደል ማዛመጃው ግን የመጀመሪያው ጥናት ከመጫኑ በፊት ይሠራ።