የካሊፎርኒያ የመጠጥ አስተናጋጆች የኢንተርኔት ሥልጠና፦ ምን ያህል ይጠቅማል?

በካሊፎርኒያ ፈቃድ ባላቸው መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ውስጥ አልኮል የሚያስተናግዱ ሠራተኞችና የቅርብ ኃላፊዎቻቸው፣ ከ2022 ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የግዛቱ ሕግ መሠረት፣ በተቀጠሩ በ60 ቀናት ውስጥ ሠልጥነው የምስክር ወረቀት መያዝ አለባቸው። እኔ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ሥልጠና ወስጄ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጠንካራው ክፍል የመታወቂያ ምርመራ ነው። ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች የሚሰጠው የካሊፎርኒያ መንጃ ፈቃድ ቁመቱ ከወርዱ እንዲበልጥ ተደርጎ የተዘጋጀ መሆኑን፣ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ደግሞ ባለቤቱ ፀጉሩ የሸበተ ቢሆን እንኳ ተቀባይነት እንደሌለው በሥዕል አስደግፎ ያስረዳል።

ቅር ያሰኘኝ፣ በግልጽ ለሰከረ ሰው መሸጥ በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን በሚገባ ካስረዳ በኋላ፣ ደንበኛን ሳያዋርዱ እንዴት «ይብቃዎት» እንደሚባል በአንድ አጭር ቪዲዮ ብቻ ማለፉ ነው። አስተናጋጁ ብቻውን የሚጋፈጠው፣ ጉርሻውንም ሊያጣ የሚችለው በዚህች ሰዓት ነው፤ የሌላው አሽከርካሪና የእግረኛው ሕይወትም በዚሁ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ሰፊ ልምምድ ያስፈልገው ነበር።

የመንግሥት ፈተናው 50 ጥያቄዎች አሉት፤ ማለፊያው 70 በመቶ ነው። የምስክር ወረቀቱ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ለአዲስ ተቀጣሪዎች ሥልጠናውን እመክራለሁ፤ አሠሪዎች ግን እምቢ የማለቱን ልምምድ በሥራ ቦታ ራሳቸው ሊያሟሉት ይገባል።