«ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል» ተብላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት

ላፕቶፓችሁን ፎርማት ለማስደረግ ወደ ጥገና ቤት የምትወስዱ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ሳትቸኩሉ እንድታነቡት እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሱቅ ጤነኛ ዲስኳ «ተቃጥሏል» ተብሎ ሌላ ገዝታ ተመልሳለች። የሱቁን ስም መጥቀስ አልፈለግሁም፤ ዘዴው ከታወቀ የትም ቢሞከር መለየት ይቻላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቋረጠ፣ እህቴ ላፕቶፗን አስጸድታ ዊንዶውስ 11 ለማስጫን ወሰነች። ላፕቶፑ 11ኛ ጀነሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰርና 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባ ፈጣን ዲስክ) ያለው ሲሆን፣ ለሱቁ እስካስረከበችበት ሰዓት ድረስ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ለፎርማት 500 ብር ተስማምታ ትታላቸው ከሄደች በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ደወሉና «ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፤ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያየውም» አሏት። ስትመለስም ባለሙያው ስክሪኑን አዙሮ አሳያት፤ ዊንዶውስ የሚጫንበት ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ባዶ ነበር፣ ምንም ድራይቭ እንዳልተገኘም ተጽፎበታል። በዓይኗ ያየችውን መጠራጠር ስላልቻለች «አዲስ» የተባለ የ256 ጊጋባይት ዲስክ በ6,500 ብር ለመግዛት ተስማማች፤ አሮጌውን ትታላቸው ብትሄድ 1,000 ብር እንደሚቀንሱላት ሲነግሯትም እሺ አለች። ደረሰኝ አልተሰጣትም።

በስክሪኑ ላይ የታየው ነገር ውሸት አልነበረም፤ ውሸቱ የተሰጠው ትርጉም ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጡ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች፣ በተለይም ከ11ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ባሉት ላይ፣ ዲስኩ ቪኤምዲ በሚባል መቆጣጠሪያ በኩል እንዲገናኝ ተደርጎ ከፋብሪካ ይወጣል። ዊንዶውስ የሚጫንበት ፍላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዚህን መቆጣጠሪያ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርግ ትንሽ ፕሮግራም) አልያዘም፤ ስለዚህ ዲስኩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ የመምረጫው ገጽ ባዶ ይሆናል። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ደግሞ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭኖ ድራይቨሩን እንዲያስገባ እዚያው እንደሚመከር ያያል።

ባለሙያው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ይሆናል ብዬ በመጀመሪያ ለመገመት ሞክሬ ነበር፤ በእርግጥም የማያውቁ ቅን ባለሙያዎች አሉ። ነገር ግን ቪኤምዲ እንደበራ ከሆነ በዚያው ቦታ የሚገባ ሌላ የኤንቪኤምኢ (የዘመናዊ ኤስኤስዲ ዓይነት) ዲስክም እንደ አሮጌው ሁሉ ለፍላሹ አይታይም፤ አዲሱ ላይ ዊንዶውስ ለመጫን የግድ ወይ ድራይቨሩን ማስገባት ወይ ቪኤምዲውን ማጥፋት ያስፈልጋል። ላፕቶፑን ቤት ወስጄ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈት የላፕቶፑ ቅንብር ገጽ) ውስጥ ስገባ ቪኤምዲ ጠፍቶ አገኘሁት። መፍትሔውን ለአዲሱ ዲስክ የተጠቀመበት ሰው ለአሮጌውም እንደሚሠራ አላወቀም ብሎ ማመን ይከብዳል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ስመለከተው ደግሞ «አዲሱ» ዲስክ ከ4,000 ሰዓት በላይ ያገለገለ ነበር።

በማግስቱ አብረን ሄደን አሮጌውን ዲስክ ጠየቅን። «ተጥሏል» አሉን፤ በኋላ ግን አጥብቀን ስንይዛቸው ከመሳቢያ ውስጥ ወጣ። ቤት ወስጄ ወደ ቦታው መልሼ ቪኤምዲውን ሳበራው የእህቴ አሮጌ ዊንዶውስ ከነፎቶዎቿና ከነሥራ ሰነዶቿ ተነሣ። ከገንዘቡ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው፤ ያልተመሰጠረ ዲስክ በእጁ ያስገባ ማንኛውም ሰው ይህን ሁሉ ማየት ይችላል። «የማይሠራ» ለተባለ ዲስክ 1,000 ብር ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነ ነጋዴ ራሱ ጥርጣሬ ሊያጭርባችሁ ይገባል።

እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወልላችሁ፣ ምንም ነገር ከመፈረምና ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያው ባዮስ ውስጥ ገብቶ የዲስኩን ስም እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በብዙ ላፕቶፖች ላፕቶፑ ሲነሣ ኤፍ2ን በመጫን ይገባል፤ በኤችፒ ኤፍ10 ነው። የዲስኩ ሞዴል እዚያ ከተጻፈ፣ ማዘርቦርዱ እያየው ነው ማለት ነውና «ኮምፒውተሩ አያየውም» የሚለው ንግግር እዚያው ይወድቃል። በኤሰር ላፕቶፖች የቪኤምዲ ምርጫ የተደበቀ ስለሆነ «ሜይን» በሚለው ገጽ ላይ ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ መጫን ያስፈልጋል፤ በዴል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዲስክ ቅንብሩ ላይ ሬድ (RAID) የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ (AHCI) መቀየር ነው። ይሁን እንጂ ይህን ቅንብር መቀየር ነባሩን ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ሊያስቆመው ስለሚችል፣ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መመስጠሪያ በርቶ ከሆነም የመክፈቻ ቁልፍ ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ሳትገለብጡ አትንኩት። እኔ የምመርጠው ሌላውን መንገድ ነው፦ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ስም የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዶ፣ ከተጠቀለለበት ፈትቶ፣ ፍላሹ ላይ አስቀምጦ በ«ሎድ ድራይቨር» ማስገባት። የወረደው ፋይል ሳይፈታ ቢቀመጥ ግን መጫኛው አያነበውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዲስኩ ባዮስ ውስጥም ካልታየ ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ እንኳ መጀመሪያ የሚደረገው ብሎኑን ፈትቶ ዲስኩን አውጥቶ በደንብ መልሶ መሰካት፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ነው፤ ይህ ሁሉ እናንተ ፊት ይደረግ። ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ከሆነ ቪኤምዲ የለውምና ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህን መብት ለመጠየቅ ግን የዲስኩ ሞዴልና ሁኔታ የተጻፈበት ደረሰኝ በእጅ መኖሩ በጣም ይረዳል። እህቴ ደረሰኝ ስላልነበራት ሱቁ ከከፈለችው 5,500 ብር 3,000 ብር ብቻ መልሶ፣ ያገለገለውን 256 ጊጋባይት ዲስክ ወስዷል።