የፎልደርን ይዘት ወደ ኤክሴል የሚያስገባው «ፍሮም ፎልደር»፦ ጥንካሬውና ወጥመዶቹ

በአንድ ፎልደር ውስጥ የተከማቹትን ፋይሎች ስም ዘርዝሮ በኤክሴል ሠንጠረዥ ማስፈር ቀላል ቢመስልም፣ ዊንዶውስ በአንድ ቁልፍ የሚፈጸም መንገድ ያላበጀለት ሥራ ነው። የሰነድ መዝገብ የሚያደራጅ፣ የፎቶግራፍ ክምችት የሚቆጥር ወይም የተረከባቸውን ፋይሎች ከርክክብ ዝርዝር ጋር የሚያመሳክር ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይገጥመዋል። ለዚህ ሥራ የሚሸጡና በነፃ የሚወርዱ ትንንሽ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፤ ይሁንና ኤክሴል ያለው ሰው አብዛኞቹን መጫን የሚያስፈልገው አይመስለኝም። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ኤክሴል በውስጡ የያዘው፣ ብዙ ተጠቃሚ ግን ከፍቶ የማያየው «ፍሮም ፎልደር» የተባለው አገልግሎት ከአብዛኞቹ የተሻለ ነውና።

አገልግሎቱ «ፓወር ኩዌሪ» የሚባለው የመረጃ ማስገቢያና ማጣሪያ መሣሪያ አንዱ ክፍል ነው። ፓወር ኩዌሪ ለኤክሴል 2010 እና 2013 ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ ነበር፤ ከኤክሴል 2016 ወዲህ ግን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይመጣል። «ዳታ» ከሚለው ትር «ጌት ዳታ»፣ ቀጥሎ «ፍሮም ፋይል»፣ በመጨረሻም «ፍሮም ፎልደር» የሚለውን መርጦ ፎልደሩን ማመልከት ብቻ ይበቃል፤ ወዲያው የፋይሎቹ ዝርዝር በቅድመ ዕይታ ይቀርባል። ጀማሪን የሚያሳስተው ከዝርዝሩ ሥር ያለው «ኮምባይን» የሚለው ቁልፍ ነው። ይህ ቁልፍ ፋይሎቹን ከፍቶ ውስጣቸው ያለውን መረጃ ለማዋሃድ የተሠራ እንጂ ስማቸውን ለመዘርዘር የተሠራ ስላልሆነ፣ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሊነካው አይገባም። ትክክለኛው ምርጫ «ትራንስፎርም ዳታ» ነው፤ ምክንያቱም ሠንጠረዡ ወደ ገጹ ከመግባቱ በፊት የማያስፈልጉትን ዓምዶች ለማስወገድ ዕድል ይሰጣል።

የሚገኘው ሠንጠረዥ ከስም ዝርዝር በላይ ነው። የፋይሉ ስም፣ የፋይሉ ዓይነት ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጣው፣ ለምሳሌ .xlsx)፣ የተፈጠረበት፣ የተሻሻለበትና የተከፈተበት ቀን፣ እንዲሁም የሚገኝበት ፎልደር ሙሉ አድራሻ ለየብቻቸው በዓምድ ተደርድረው ይመጣሉ። የፋይሉ መጠን ግን በቀጥታ አይታይም፤ «አትሪቢዩትስ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ተጣጥፎ ስለሚቀመጥ፣ በዓምዱ ራስ ላይ ያለውን የመዘርጊያ ምልክት ተጭኖ «ሳይዝ» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ቁጥሩ የሚወጣው በባይት ስለሆነ ለአንባቢ እንዲመች ለ1024 አካፍሎ ወደ ኪሎባይት መቀየር ይበጃል። ይህን ያህል ተፈላጊ የሆነ መረጃ እንዲህ መደበቁ የንድፍ ጉድለት ነው እላለሁ።

ለንጽጽር ያህል፣ በብዛት የሚመከረውን «ኮፒ አዝ ፓዝ» የተባለውን መንገድ ላንሣ። ፋይሎቹን መርጦ በቀኝ የማውስ ቁልፍ በሚከፈተው ዝርዝር፣ በዊንዶውስ 10 «ሺፍት» የሚለውን ቁልፍ ይዞ፣ በዊንዶውስ 11 ደግሞ ያለ ተጨማሪ ቁልፍ፣ ሙሉ አድራሻቸውን መቅዳትና በኤክሴል መለጠፍ ይቻላል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ለሚያስፈልግ አጭር ዝርዝር ከዚህ የሚፈጥን የለም። ሆኖም እያንዳንዱ አድራሻ በትእምርተ ጥቅስ ታጥሮ ስለሚቀዳ ጥቅሱንና የፎልደሩን ስም የማጽዳት ሥራ ይከተላል፤ ቀንና መጠንም አይገኝም፤ በንዑስ ፎልደሮች ውስጥ ያሉትን ፋይሎችም አይጨምርም።

የትእዛዝ መስኮቱ «ዲር» የተባለው ትእዛዝ የቆየና ፈጣን መንገድ ሲሆን፣ ውጤቱን ወደ ጽሑፍ ፋይል አዙሮ በኤክሴል መክፈት ይቻላል። በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ላሉት ሰው ግን አደገኛ ነው። የትእዛዝ መስኮቱ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀምበት የቆየ የፊደል ሰንጠረዥ የግዕዝ ፊደላትን ስለማያውቃቸው፣ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ይጻፋል፤ አንዴ በዚህ መልክ የተቀመጠ ዝርዝር ደግሞ ተመልሶ ሊነበብ አይችልም። መፍትሔው መስኮቱን አስቀድሞ ወደ ኮድ ገጽ 65001፣ ማለትም የግዕዝ ፊደላትንም ወደሚያውቀው የፊደል ሰንጠረዥ ወደ ዩቲኤፍ-8 ማዞር ነው። ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ሌላው የትእዛዝ መስኮት በፓወርሼል 5.1 ዝርዝሩን ወደ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ ወደሚለያዩበት የጽሑፍ) ፋይል የሚያወጣ ሰውም ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደላቱ የሚጻፉበትን ሰንጠረዥ፣ ለይቶ ካላዘዘ ያው የጥያቄ ምልክት ይገጥመዋል። «ፍሮም ፎልደር» በበኩሉ ስሞቹን የግዕዝ ፊደላትንም በሚያቅፈው በዩኒኮድ ስለሚያነብ «ደብዳቤ»ም ሆነ «ቃለ ጉባኤ» እንደተጻፈ ይገባል። ለአማርኛ ተጠቃሚ ይህ አንድ ነጥብ ብቻውን ምርጫውን ይወስናል ብል ማጋነን አይሆንም።

መሣሪያው ግን የራሱ ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው ንዑስ ፎልደሮችን ሳይጠይቅ መጨመሩ ነው። ላይኛውን ፎልደር ብቻ የሚፈልግ ሰው የአድራሻውን ዓምድ በማጣራት ሌሎቹን ማስቀረት አለበት። የተደበቁ ፋይሎችም አብረው ይዘረዘራሉ፤ ለምሳሌ አንድ የኤክሴል ፋይል ክፍት ሆኖ ሳለ ዝርዝሩ ከወጣ፣ ኤክሴል ለራሱ የሚፈጥረውና ስሙ በማዕበል መስመርና በዶላር ምልክት (~$) የሚጀምረው ጊዜያዊ ፋይል እንደ አንድ ሰነድ ተቆጥሮ ይገባል። ዝርዝሩን የያዘው የሥራ ደብተር ራሱ በዚያው ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ራሱንም ይቆጥራል። ቁጥሩ ከርክክብ ሰነድ ጋር አልገጥም ሲል መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የሚመጣው ቅጥያውን ከስሙ ለመለየት ሲሞከር ነው። ስሙን በነጥብ ለመክፈል «ስፕሊት ኮለም» የሚለውን የሚጠቀም ሰው፣ በስሙ መካከል ሌላ ነጥብ ካለ ስሙ ያለ ቦታው እንዳይቆረጥ በስተቀኝ ጫፍ ባለው ነጥብ ብቻ እንዲከፈል ማዘዝ አለበት። ይህን ቢያደርግም ፓወር ኩዌሪ ከክፍፍሉ በኋላ የዓምዱን ዓይነት በራሱ ግምት የሚቀይር አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ስሞቹ ሁሉ ቁጥር ከሆኑ «001» የነበረው 1 ሆኖ ቁጭ ይላል። የፋይል ቁጥር ለሚጠብቅ መዝገብ ቤት ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። በቀኝ በኩል ከተዘረዘሩት እርምጃዎች ውስጥ «ቼንጅድ ታይፕ» የሚለውን መሰረዝ ችግሩን ይፈታዋል። ቅደም ተከተሉም ከለመድነው ይለያል፦ የፋይል ማሳያ መስኮቱ 2ን ከ10 በፊት ሲያስቀምጥ፣ ስሙ በጽሑፍነቱ የሚደረደርበት ሠንጠረዥ ግን 10ን ያስቀድማል።

ስለ ቀኖቹም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ሲገለበጥ ቅጂው አዲስ የመፈጠሪያ ቀን ሲያገኝ የተሻሻለበት ቀን ግን እንደነበረ ይቆያል፤ ስለዚህም ከመፈጠሩ በፊት የተሻሻለ የሚመስል ፋይል ማየት ያስደነግጥ ይሆናል እንጂ ስሕተት አይደለም። ለመዝገብ የሚታመነው የተሻሻለበት ቀን ነው። የተከፈተበትን ቀን ዊንዶውስ ሁልጊዜ ስለማያድሰው፣ ዓምዱን ገና ከመጀመሪያው ማስወገድ ይሻላል።

የዚህ አገልግሎት ዋነኛ ጥቅም ዝርዝሩ ከፎልደሩ ጋር ያለው ግንኙነት አለመቋረጡ ነው። ፋይል ሲጨመር ወይም ሲሰረዝ «ሪፍሬሽ ኦል» የሚለውን መጫን ብቻ ዝርዝሩን ወቅታዊ ያደርገዋል፤ ቅጥያውን የመለየትና የተደበቁትን የማጣራት እርምጃዎችም በየጊዜው በራሳቸው ይደገማሉ። ነገር ግን ትልቁ አደጋም ያለው እዚሁ ነው። ብዙ ሰው ከሠንጠረዡ ጎን አዲስ ዓምድ ከፍቶ «ታይቷል»፣ «ይታረም»፣ «ለኃላፊ ተልኳል» የሚሉ ማስታወሻዎችን በእጁ ይጽፋል። እነዚህ ማስታወሻዎች ከፋይሉ ጋር ሳይሆን ከረድፉ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ ዝርዝሩ ሲታደስ አዲስ ፋይል በመካከል ከገባ የአንዱ ማስታወሻ ከሌላው ስም ጎን ሊገኝ ይችላል። ኤክሴል በዚህ ጊዜ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አስተማማኙ አሠራር ማስታወሻዎቹን በሌላ ገጽ በሚገኝ ሠንጠረዥ ከፋይሉ ሙሉ አድራሻ ጋር መዝግቦ፣ በ«ኤክስሉክአፕ» ወይም በቆዩት እትሞች በ«ቪሉክአፕ» ቀመር እየፈለጉ ማምጣት ነው። መለያው ስሙ ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻው መሆን አለበት፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል በተለያዩ ንዑስ ፎልደሮች ውስጥ ሊኖር ይችላልና።

በጎን የሚጨመር ቀመር ግን ይህ ችግር የለበትም፤ በየረድፉ ያለውን መረጃ እያነበበ ራሱን ያሰላልና። የአድራሻው ዓምድ በኋልዮሽ ስላሽ (\) ስለሚያልቅ፣ አድራሻውንና ስሙን አያይዞ ለ«ሃይፐርሊንክ» ቀመር መስጠት ብቻ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ፋይሉን የሚከፍት ማያያዣ ይፈጥራል፤ ዝርዝሩ ሲረዝም ቀመሩም አብሮ ይረዝማል።

የፎልደሩ አድራሻ ዝርዝሩን በሚያመጡት የፓወር ኩዌሪ እርምጃዎች መጀመሪያ ላይ ድርቅ ብሎ ስለሚጻፍ፣ ፎልደሩ ከተዛወረ ወይም የሥራ ደብተሩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከተላከ ማደሻው ይከሽፋል፤ «ሶርስ» የሚለውን እርምጃ ከፍቶ አዲሱን አድራሻ መተካት ግድ ይሆናል። ዝርዝሩን ለሌላ ሰው የሚልክ ስለዚህ እሴቶቹን ብቻ በአዲስ ደብተር ላይ ለጥፎ ቢልክ ተቀባዩን ከማይገባው የስሕተት መልእክት፣ ራሱንም የኮምፒውተሩን የውስጥ አድራሻ ለሌላ ከማሳየት ያድናል፤ ለዚህም የአድራሻውን ዓምድ አስቀድሞ ማስወገድ አለበት።