«3600» የሚል ራም ከስምንት ወር በኋላ፦ ብሉ ስክሪኑ ከየት ይመጣል?

ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም፤ ካርቶኑ ላይ 3600 (ፍጥነቱ)፣ ሲኤል18 (መረጃ እስኪሰጥ የሚዘገይበት የሰዓት ምት ብዛት)፣ 1.35 ቮልት ይላል። የተገጠመው ራይዘን 5 5600ኤክስ ፕሮሰሰር ካለው ማዘርቦርድ ላይ ነው። መብራቱ ያምራል፣ ፍጥነቱም አያስወቅስም፤ ስለዚህ በዚህ በኩል የሚጻፍ ነገር የለም። ጉዳዩ በየአራት አምስት ቀኑ ብቅ የሚለው ብሉ ስክሪን፣ ማለትም ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየው ሰማያዊ የስህተት ገጽ ነው። (በአዲሱ ዊንዶውስ 11 ስክሪኑ ጥቁር ሆኗል፤ በሽታው ግን ያው ነው።)

ሻጭ ሁሉ አፉን የሚከፍተው «ፎርማት ይደረግ» በማለት ነው። እሺ ይደረግ፣ ግን መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የስህተት ኮድ ይነበብ። ኮምፒውተሩ ቶሎ ሪስታርት ስለሚያደርግ ኮዱ ሳይታይ ያልፋል። ሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ ከዚያ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ ገብቶ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት ማንሳት፣ እዚያው «ስሞል ሜሞሪ ደምፕ» (ብልሽቱ የሚመዘገብበት አጭር ፋይል) መምረጥ። ፋይሉ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሚኒደምፕ» የሚባለው ጋ ይቀመጣል፤ ብሉስክሪንቪው በሚባል ፕሮግራም ይከፈታል። የጽዳት ፕሮግራም የሚያስኬድ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ እነዚህን ፋይሎች ጠራርጎ የሚያጠፋቸው እሱ ነው።

እዚህ የወጡት ኮዶች አንድ ቀን «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ሌላ ቀን «አይአርኪውኤል ኖት ለስ ኦር ኢኩዋል»፣ ቀጥሎ ደግሞ «ፔጅ ፎልት ኢን ኖንፔጅድ ኤሪያ» ነበሩ። ጥፋቱ የአንድ ድራይቨር ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ኮድና ያንኑ የፋይል ስም ይዞ ይመለስ ነበር። ኮዱ እንዲህ ሲገለባበጥ ፍተሻውን ከራም መጀመር ያዋጣል። ደምፑ የዊንዶውስን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ስም ስለጠቀሰም ዊንዶውስ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ከርነሉ የተበላሸውን ዳታ ሲያነብ ወደቀ እንጂ ያበላሸው እሱ አይደለም።

ራም የሚፈትሸው ፕሮግራም ሜምቴስት86 ፍላሽ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተሩ በፍላሹ ይነሳል። ነጻው እትም አራት ዙር ይሄዳል፤ አራቱንም ማስጨረስ ግድ ነው። ይህ ራም ሁለቱን ዙር ያለ እንከን አልፎ ቀዩን መስመር ያመጣው በሦስተኛው ነው፦ የሚጠበቀው 80808080፣ የተነበበው 80808880። ልዩነቱ አንድ ቢት ነው። 16 ጊጋ ውስጥ ካለው ከ130 ቢሊዮን በላይ ቢት አንዷ ዜሮ መሆን ሲገባት አንድ ሆና ተገኘች፤ ቦታዋ ክፉ ከሆነ ዊንዶውስን ለመጣል እሷው ትበቃለች። ኬዙ ተዘግቶ፣ ከባድ ጌም ከተጫወቱ በኋላ ወዲያው ሲፈተሽ ደግሞ ስህተቱ ቶሎ ይመጣል። ራም ሲግል ይዳከማል፤ ኬዙን ከፍቶ መፈተሽ ራስን ማታለል ነው።

ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ፣ ማለትም ራሙን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚያስኬደው ቅንብር፣ ሲጠፋ ራሙ ወደ 2666 ወረደ፤ አራቱም ዙር ንጹሕ ሆነ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ ራሞቹ አንድ በአንድ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛ በሆነው ስሎት ላይ በ3600 ተፈተሹ። ሁለቱም ለየብቻቸው አለፉ! የሚወድቁት አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። እንግዲህ የሞተ ቺፕ የለም ማለት ነው፤ ያቃተው ሁለቱን በዚያ ፍጥነት አጣምሮ ማስኬድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ንዴቱ። ሻጩ «ራሙማ ደህና ነው፣ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ጋ ነው» ይላል። የፕሮሰሰሩ አምራች ኤኤምዲ ደግሞ ለዚህ ፕሮሰሰር የሰጠው የራም ፍጥነት ጣሪያ 3200 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ኦቨርክሎክ ይባላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ መሀል ላይ የቀረው ገዢው ነው። ታዲያ ጌታው፣ 3600ን በዚያ ግዙፍ ፊደል ካርቶኑ ላይ ማን ጻፈው? ኤክስኤምፒ በአንድ ቁልፍ ስለሚበራ ሰው የፋብሪካ ፍጥነት ይመስለዋል፤ አይደለም።

መፍትሔ ተብለው ከሚወሩት ውስጥ ቮልቴጁን ከ1.35 ወደ 1.38 ማሳደግ ብልሽቱን አዘገየው እንጂ አላቆመውም። 3400 ላይም አንድ ስህተት ወጣ። የሠራው 3200 ነው፦ ታይሚንጉ (የመዘግየት ቁጥሮቹ፤ የመጀመሪያው ሲኤል ነው) በእጅ 16-18-18-38፣ ቮልቴጁ እዚያው 1.35። አራት ዙር ንጹሕ፣ ከዚያ ወዲህ ሰባት ሳምንት ያለ ብሉ ስክሪን። ስሌቱ ደግሞ የበለጠ ያናድዳል። ሲኤል18 በ3600 የሚሰጠው መዘግየት 10 ናኖሰከንድ ነው፤ ሲኤል16 በ3200ም ልክ 10 ናኖሰከንድ። የቀረው ከ57.6 ወደ 51.2 ጊጋባይት በሰከንድ የወረደው የማስተላለፍ አቅም ነው፤ እሱም በዕለት ሥራ አይታወቅም። ሲኤል16 ባለ 3200 ራም በርካሽ እየተሸጠ 3600 መግዛቴ ይቆጨኛል።

ራሙ ከተስተካከለ በኋላ ኮማንድ ፕሮምፕት በአድሚን ተከፍቶ የሲስተም ፋይል ፍተሻው ይሂድ፤ በመጥፎ ራም እየተጻፉ የተበላሹ ፋይሎች እዚያው ስለሚቀሩ ብሉ ስክሪኑ በእነሱ ሰበብ ሊመለስ ይችላል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ ፎርማት ያደረገ ሰው ግን አዲሱን ዊንዶውስ የሚጭነው በዚያው ስህተት በሚሠራ ራም ነው። 16 ጊጋ አልበቃ ያለው ሰውም ሌላ ጥንድ ገዝቶ ባዶዎቹ ስሎቶች ላይ አይሰካ፤ አራት ራም ሲሆን ኤኤምዲ የሚፈቅደው ጣሪያ ራሱ ወደ 2933 ይወርዳል፣ ባለ ሁለት ራንክ ከሆኑ (እያንዳንዱ ራም ሁለት የቺፕ ስብስብ ካለው) ወደ 2667። ይሄኛውን ሸጦ ባለ 32 ጊጋ አንድ ጥንድ ይግዛ፣ እሱም 3200 የሚል።