ከፒያሳ በታች ያለው ኳስ ቤት፤ የአሰልጣኝ ሥዩምን ዘመን ያየንበት

ጎንደር ውስጥ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶችን ልቁጠር ብሎ የተነሣ ሰው ከፒያሳ ሳይርቅ ጣቶቹ ያልቁበታል። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በእንግሊዝ ክለቦች ነው፤ አርሰናል ወይም ማንቸስተር ዩናይትድ ሲጫወት ይሞላሉ፣ በሌላው ቀን ፑል ማጫወቻ ወይም ሻይ ቤት ይሆናሉ። እኔ ልጽፍለት የፈለግሁት ቤት ግን የቆመው በከተማችን ክለብ በፋሲል ከነማ ነው። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለ፣ በቆርቆሮ በር የሚገባበት፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ ጽሑፍ የለም፤ ደንበኞቹም «እታች ቤት» ከማለት በቀር ስም አላወጡለትም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተመላልሼበታለሁ። አሰልጣኝ ሥዩም ከበደ ቡድኑን ከመሩባቸው ዓመታት የሚበዛውን ያየሁት እዚያ ስለሆነ የቤቱን አገልግሎት ከእሳቸው ዘመን ለይቼ ልመዝነው አልችልም።

ቤቱ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው ፋሲል ከነማ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው በ2008 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያው ዓመት ሌላው የከተማችን ክለብ ዳሸን ቢራ ከሊጉ ወረደ። ከዚያ በኋላ የጎንደር ሰው ልቡን የሚከፍልበት ምክንያት አልነበረውም፤ ሁሉም «አፄዎቹ» ወደሚባለው ፋሲል ዞረ። በ2011 ዓ.ም. ቡድኑ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ መሪነት የኢትዮጵያን ዋንጫ ወሰደ፤ ውበቱ ወደ ሰበታ ከተማ ሲሄዱ በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሥዩም ከበደ ቦታውን ተረከቡ። ያን የመጀመሪያ ዓመታቸውን ያየሁት እንደ ማንም ሰው አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ገብቼ፣ ፀሐይ እየጠበሰኝ ነበር። መጋቢት ላይ የኮሮና ወረርሽኝ ውድድሩን አስቆመው፤ ኋላም ሻምፒዮን ሳይባልበት ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ሊጉ ሲመለስ ጨዋታዎቹ በክፍያ በሚታየው የሳተላይት ቴሌቪዥን በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመሩ፤ ውድድሩም በየክለቡ ሜዳ መካሄዱ ቀርቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ እንዲደረግ ተወሰነ። ጎንደር ከአምስቱ ውስጥ አልነበረችም። ቡድኑ ከመቼውም ይልቅ ጥሩ በሆነበት ዓመት የከተማው ሰው ስታዲየሙን ዘግቶ ቴሌቪዥን ፍለጋ ወጣ። የእህል መጋዘኑም ኳስ ቤት የሆነው ያኔ ነው።

አዳራሹ ወደ መቶ ሰው ገደማ ይይዛል። የፊተኞቹ አራት ረድፎች ጀርባ የሌላቸው አግዳሚዎች ናቸው፤ ከኋላ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ግድግዳውን ተደግፎ መቆም ለሚመርጥ ደግሞ ዋጋው ግማሽ ነው። ይህን የግማሽ ዋጋ አሠራር ሌላ ቤት አላየሁትም፤ ለተማሪና ለሊስትሮ ልጆች ታስቦ የተደረገ መሆኑን ባለቤቱ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሻይ በእረፍት ሰዓት ብቻ ይታደላል፤ ምክንያቱም ሻይ የምታቀርበው እትዬ ራሷ ጨዋታ ታያለችና። ለውዝና ቆሎ የሚሸጡት ልጆችም ኳስ ከተጀመረ በኋላ እንዲዘዋወሩ አይፈቀድላቸውም። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን የድምፁን ነገር ነው። ብዙ ቤቶች የጨዋታውን ድምፅ ዘግተው ሙዚቃ ይለቃሉ፤ እዚህ የአማርኛው ዘገባ ሙሉ በሙሉ ይሰማል፣ ከመጠን በላይ ጮኾም ጆሮ አይቆርጥም።

ቤቱ ሁለት ሕጎች አሉት። አንደኛው በውስጡ የውርርድ ትኬት ይዞ መቀመጥ ወይም ስለ ውርርድ ማውራት ክልክል መሆኑ ነው። ሊጉ ራሱ ያኔ በአንድ አወራራጅ ድርጅት ስም ይጠራ ስለነበር ሕጉ መጀመሪያ ላይ ያስቅ ነበር፤ እኔም ስቄ ነበር። ነገር ግን ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ፋሲል እንዲሸነፍ በልቡ የሚጸልይ አለመሆኑን ማወቅ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የገባኝ ሌሎች ቤቶች ገብቼ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሕግ የፋሲል ጨዋታ ከእንግሊዝ ጨዋታ ጋር ሰዓቱ ቢጋጭ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አለመኖሩ ነው። አንድ ቅዳሜ ከኋላ የተቀመጡ ወጣቶች «ጋሼ፣ ትንሽ ቀይሩልንና ውጤቱን እንይ» ብለው ቢለምኗቸው፣ ባለቤቱ የመግቢያ ገንዘባቸውን ቆጥረው መለሱላቸውና በሩን አሳዩዋቸው። ክፉ ቃል ግን አልወጣቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት ልምጣ። ምስሉ የሚወረወረው ከጣሪያ በተንጠለጠለ ፕሮጀክተር በተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ላይ ሲሆን፣ በግራ በኩል ያለው የእንጨት ምሰሶ የምስሉን ጠርዝ ክንድ በሚያህል ስፋት ይበላዋል። ለሌላ ቡድን ተመልካች ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። የሥዩምን ፋሲል ለሚያይ ሰው ግን ከባድ ጉዳት ነበር፤ ያ ቡድን አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በመስመሮቹ ነበርና። በግራ አምሳሉ ጥላሁን፣ በቀኝ እንየው ካሳሁን ከተከላካይ መስመር ተነሥተው ሲወጡ ሽመክት ጉግሳን የመሰሉት የመስመር አጥቂዎች ወደ ውስጥ ይጠባሉ፤ የተጋጣሚ ተከላካይ ማንን ልያዝ ሲል ኳሱ ከማዶ ይሻገራል። ፋሲል ወደ ምስሉ ግራ በሚያጠቃበት አጋማሽ እኛ የምናየው ኳሱ ወደ ምሰሶው ጀርባ ሲገባና ከጥቂት ቅጽበት በኋላ በአየር ላይ ሲመለስ ብቻ ነበር። ማን እንዳሻማው የምናውቀው ከዘገባው ነው። ስለ ምሰሶው ለባለቤቱ በትሕትና ተነግሯቸዋል፤ ጣሪያውን የያዘው እሱ እንደሆነ መለሱ። ክርክሩም በዚያው ተዘጋ።

ስታዲየም ውስጥ ሆኖ ያልታየኝ ነገር እዚህ የታየኝ መሆኑንም አልክድም። ስታዲየም ውስጥ ዓይን ኳሱን ይከተላል፤ ጩኸቱም ይወስዳል። በስክሪን ላይ፣ በተለይም ምስሉ ሲደገም፣ ሀብታሙ ተከስተ ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ምን ያህል ቀዳዳ እንደሚደፍን፣ ሱራፌል ዳኛቸውም ኳስ ከመድረሱ በፊት ስንት ጊዜ ዞሮ እንደሚመለከት አስተዋልኩ። ያሬድ ባየ የመጨረሻው መስመር ላይ ሆኖ እጁን እየዘረጋ የሚያዝዘው፣ ግብ ጠባቂው ሳማኪ ሚኬልም ከኋላው የሚጮኸው ለስታዲየም ተመልካች አይሰማም። ከፊት ያለው ሙጂብ ቃሲም ደግሞ በአየር ኳስ የሚያስቸግር አጥቂ ነበር፤ መስመሮቹ ያን ያህል የሚሠሩትም ለእሱ ጭንቅላት ነበር ማለት ይቻላል።

በእታች ቤት ለሁለት ዓመት ያላባራው ክርክር «ይህ ቡድን የማን ነው?» የሚል ነበር። ከፊት ረድፍ የማይጠፉ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቡድኑን የሠራው ውበቱ ነው፤ ሥዩም የደረሰ እህል ነው ያጨዱት ይሉ ነበር። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የቡድኑ አጥንት የተዘረጋው ከሥዩም በፊት ነው። ቢሆንም እኔ አልተቀበልኳቸውም፤ አሁንም አልቀበላቸውም። የውበቱ ፋሲል ኳስ ይዞ ሲጫወት ያምር ነበር፤ የሥዩም ፋሲል ደግሞ ባላማረበት ቀንም ነጥብ ይዞ መውጣት ተማረ። በ2013 ዓ.ም. በሊጉ የተሳተፉት 13 ክለቦች ብቻ ስለነበሩ በየሳምንቱ አንዱ ያርፋል፤ ቡድኖች ከከተማ ወደ ከተማ በሆቴል እየኖሩ ወራት ያሳልፋሉ፤ ደጋፊው፣ ሜዳው፣ አየሩ የኛ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ባለ ዓመት ቀዳሚነትን ይዞ መዝለቅ የተወረሰ ውበት ብቻውን የሚያደርገው አይደለም። የዓመቱ ድንቅ አጥቂ እንኳን የእኛ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ቡና ግን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ፋሲል በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫው ሐዋሳ ላይ ሲነሣ እታች ቤት ውስጥ የነበርን ሰዎች ቁጥር ከመቶ ስንት እጥፍ እንደነበር አላውቅም፤ የቆርቆሮው በር ከማጠፊያው መውጣቱን ግን አውቃለሁ። የመግቢያ ገንዘብ የሰበሰበም አልነበረም። መምህሩ ተነሥተው አጨበጨቡና ሲቀመጡ «ውበቱ ነው» አሉ።

በአፍሪካ መድረክ የታየው ውጤት ሌላ ነበር። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከቱኒዚያው ሞናስቲር ጋር ተጫውቶ ከሜዳው ውጪ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በመልሱ 2 ለ 1 ቢያሸንፍም አልበቃውም። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ በሻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑ አል ሂላል ገጠመው። የመጀመሪያው ጨዋታ ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2 አለቀ፤ 180 ኪሎ ሜትሩን ተጉዘው ያዩ ደንበኞች ተመልሰው ለቀረነው ሲተርኩልን አመሹ። የሁለተኛውን ጨዋታ ምስል ቤቱ ሊያገኝ አልቻለም። ባለቤቱ ግን በሩን አልዘጉም፤ ሬዲዮኑን ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተው በነጻ አስገቡን። ባዶ አቡጀዲ ፊት ተቀምጠን አዳመጥን። 1 ለ 1 ተጠናቀቀ፤ ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጪ ብዙ ያገባ ያልፋልና፣ ሂላል ከሜዳው ውጪ ሁለት ግብ ስላለው አለፈ። ከኋላዬ የነበሩ ሽማግሌ ነገሩ ሦስት ጊዜ ቢብራራላቸውም አልዋጥ አላቸው። «አልተሸነፍንም እኮ፤ ታዲያ ምን ሆንን?» እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመለከቱ ነበር። ምስል የሌለበት ያ ቀን ቤቱን ይበልጥ ያከበርኩበት ቀን ነው።

ስለ መብራት ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሣና ዲኮደሩ ምስል እስኪይዝ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ በ2014 ዓ.ም. ሁለት ግቦች እንዲሁ አምልጠውኛል። ገንዘብ ይመለስልኝ ያለ ሰው አልገጠመኝም፤ መመለስ ግን ነበረበት። የቤቱ አንዱ ድክመት ባለቤቱ እጅግ የተከበሩ ከመሆናቸው የተነሣ ደፍሮ ቅሬታ የሚያቀርብላቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

ያ ዓመት ለቡድኑም መብራት ጠፍቶ እንደሚመጣበት ቤት ነበር። ሙጂብ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄዶ ነበርና የሚሻገሩት ኳሶች ጌታ አጡ። ውጤቱ መቀዛቀዝ ሲጀምር እታች ቤት ውስጥ ድምፁ ተለወጠ፤ ባለፈው ዓመት «ጥንቁቅ» የተባሉት አሰልጣኝ «ፈሪ» ተባሉ፤ ያው ቅያሪ፣ ያው አሰላለፍ ሆኖ ሳለ። የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ክለቡና ሥዩም ተለያዩ፤ ኃይሉ ነጋሽ ከተረከቡት በኋላ ቡድኑ በጥሩ ጉዞ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሆነ። ስንብቱ በተሰማ ማግሥት በነበረው ጨዋታ አንድ ወጣት በአሰልጣኙ ላይ ሲሳለቅ ባለቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርገው «በሩን የሰበርህበት ሰውዬ ነው» አሉት። በሩ እንደተበየደ ነው፤ የብየዳው ጠባሳ ዛሬም ይታያል። መምህሩ ያን ቀን አንዳች አልተናገሩም።

ዛሬ መግቢያው ከ10 ብር ወደ 30 ብር አድጓል፤ ለቆመ ሰው 15 ነው። ሻዩ ድሮ ከነበረው ቀጥኗል። መጸዳጃ ቤቱን በተመለከተ ከቤት ጨርሶ መምጣት ይሻላል ከማለት አላልፍም። የምስሉ ጥራት ፕሮጀክተሩ ከተቀየረ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ቀን ላይ በሚደረጉ ጨዋታዎች ግን ከጣሪያው ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን አሁንም የሜዳውን መሐል ያደበዝዘዋል። የእንግሊዝ ኳስ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ፒያሳ ላይ የተሻለ ወንበርና የተሻለ ማክያቶ ያለባቸው ቤቶች አሉ፤ እዚህ መምጣት አያስፈልገውም። ፋሲልን ለማየት የሚመጣ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይድረስና በቀኝ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ቦታ ምሰሶው የሚሸፍነው ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ የግራ ጥግ የመምህሩ ነው፤ እሳቸው ባይኖሩም አይያዝም።